የኔታን የፈተንኩ ዕለት

የመርሳት በሽታ አጥኚ ነኝ። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከጎንደር እስከ ኮላ ድባ በየመንደሩ እየዞርኩ፣ «ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው? ትናንት ማን መጣ?» እያልኩ አረጋውያንን ስፈትን ኖሬአለሁ። እሑድ እሑድ ደግሞ ለራሴ ደስታ የቤተ ክርስቲያን መምህራን በቃላቸው ሲያነበንቡ እቀዳለሁ። አባቴ የኔታ ወልደኢየሱስ መቶ ሃምሳውን መዝሙረ ዳዊት በቃሉ ሲወርደው እየሰማሁ ነው ያደግኩት፤ ከዚያ የሚጥም ድምፅ አላውቅም።

ከዚሁ ፍቅር አንድ ጥናት ተወለደ፤ የቃል ትምህርት አእምሮን ከእርጅና ይጠብቃል የሚል። የካህናቱን መመዘኛ ራሴ አዘጋጀሁት። አብዛኛው ነጥብ ዳዊት መድገም ነበር። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ።

አባቴን ይዛ ፀዳ ከተማ የምትኖረው ታናሽ እህቴ ምስጢር አንድ ቀን ደወለችልኝ።

«እታለም፣ አባባ ከቅዳሴ ሲመለስ መንገዱ ጠፍቶት ሰው ነው ያመጣልኝ። ትናንት ደግሞ ጫማውን የሊጥ ቡሃቃ ውስጥ ከተተው። የግቢውን በር ልቆልፍበት?»

ሄጄ ፈተንኩት። ዳዊቱን አንዲት ቃል ሳያዛንፍ ወረደው። «ትናንት ማን መጣ?» ስለው ግን ሳቀ።

«ምነው ልጄ፣ ይህን ማወቅ ለነፍስ ምን ይረባል?»

እኔም አብሬው ሳቅሁና ጤነኛ ብዬ ጻፍኩት።

«እኔ እኮ አብሬው የምውል ነኝ» አለች ምስጢር።

«እኔ ደግሞ የተማርኩት ይኸንኑ ነው። አባቴን እንደ በግ ልትዘጊበት ነው? በሩን እንዳትቆልፊ!»

እሺ አለች። ታላቋ ነኝ፣ ተምሬአለሁ፤ ምን ትበል?

በስድስተኛው ወር አባባ ማለዳ ወጥቶ ቀረ። በሦስተኛው ቀን መገጭ ወንዝ ውስጥ አገኙት። ጥናቴ ያን ጊዜ ታትሞ ነበር፤ አባቴ እዚያ ውስጥ ከጤነኞቹ ጋር ተቆጥሯል።

በአርባው ዕለት ድንኳኑ ሞልቶ ነበር። ሰፈሩ ምስጢርን ማማት የጀመረው ገና ከቀብሩ ነው። የእድሩ ዳኛ አያ ቢያዝን አጠገቤ ተቀምጠው፣ እንድትሰማ ነው መሰለኝ፣ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«አንቺስ ሥራ ላይ ነበርሽ፤ ማን ይፈርድብሻል? እሷ ግን ምነው አንዲት በር መዝጋት አቃታት? እንዲያ ሲዘነጋ አላየችም?»

ምስጢር የወጥ ድስት ይዛ ከፊታችን ቆማ ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ መጉረሱን ተወ። እኔን እያየች ጠበቀች። የምትፈልገው «ነግራኝ ነበር» እንድል ብቻ ነበር። ቃሉ አፌ ላይ ደርሷል። ግን ስለ ስሜ ፈራሁ፤ እውነቱ ይኸው ነው።

«ብትነግረኝ ኖሮማ አያ ቢያዝን» አልኩ፣ «እኔ እያለሁ!»

ምስጢር ጎንበስ ብላ ወጥ ጨለፈችልኝና ወደሚቀጥለው ሰው አለፈች።