የሰፋው የኩራዝ አፍ

ቆርቆሮ ሠሪው አርፎ አይቀመጥ ነገር፣ ክሩ እንደ ልብ እንዲሳብና ብርሃኑ እንዲጨምር ብሎ የሚሠራቸውን ኩራዞች አፍ አሰፋ። አፉ ከሰፋው የመጀመሪያውን ለእህቱ ሰጠ። ዛሬ አመሻሽ ላይ ሁለተኛውን ሱቁ ውስጥ ሲለኩስ ግን እሳቱ በክሩ ጎን ሾልኮ ላምባው ውስጥ ገባና ኩራዙ ጓ ብሎ ፈነዳ። ወየው ጉዴ! የተለበለበ እጁን ሳያይ፣ ሱቁንም ሳይዘጋ ወደ እህቱ ቤት በረረ።

እህቱ በር ከፈተችለት። ከኋላዋ አሮጌው ኩራዝ ጭል ጭል ይላል።

«እፎይ! አዲሱን አላበራሽውም?»

«እሱማ ዓይኗ ለደከመው ለእማዬ ይሻላል ብዬ አልጋዋ አጠገብ አብርቼላት መምጣቴ ነው» አለችና ወደ ማዶ ጠቆመችው። «ተመልከት፣ መስኮቷ እዚህ ድረስ ሲደምቅ!»

ቀና ብሎ አየ። የኩራዝ ብርሃን እንዲያ አይደምቅም።