ታይፎይድ ማፊ

ምንያህል ጁባ የገባ ሰሞን፣ ሰው «ጤነኛ ነህ» ሲሉት እንደሚቆጣ አያውቅም ነበር። አትላባራ የሚባል ሰፈር ውስጥ አንዲት የቆርቆሮ ቤት ተከራይቶ ላብራቶሪ ከፈተና ደም እየቀዳ፣ በሽታ ያላገኘበትን ሰው «ምንም የለብህም» እያለ ይሸኝ ጀመር። የተሸኘው ሰው ደስ ብሎት ይሄዳል ብሎ ነበር የጠበቀው። ሰውየው ግን ወረቀቱን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ ያይና «ታዲያ ደሜን የወሰድከው ለምንድን ነው?» ይለዋል። ከዚያ በቀጥታ ካስተም ገበያ፣ ዳምጠው ጋ ነው። ዳምጠው ጎንደር አብሮት የተማረ የላብራቶሪ ባለሙያ ሲሆን እሱ ቤት ገብቶ ታይፎይድ ሳይገኝበት የወጣ ሰው የለም። ስለዚህ የዳምጠው በር ላይ ሰው ይሰለፋል፤ የምንያህል በር ላይ የጎረቤት ዶሮ ይጭራል።

ሚስቱ የኔነሽ ከላብራቶሪው ጎን ሻይ ቤት ነበራት። የሻይ ቤቷ ወንበር ሲሞላ የባሏ አግዳሚ ወንበር ባዶውን መዋሉ ያበሽቃታል፤ ስትበሽቅ ደግሞ ትቀልዳለች።

«አንተ ሰውዬ፣ እዚህ አገር ሰው የሚመጣው ሊመረመር መስሎሃል? በሽታውን ይዞ ነው የሚመጣው፤ ከአንተ የሚፈልገው ማኅተም ነው» አለችው አንድ ቀን። «ዳምጠው የሚገዛውን ጠርሙስ አንተስ ለምን አትገዛም?»

ገዛ። ጠርሙሱ የታይፎይድ መመርመሪያ ፈሳሽ የያዘ ነው። ከእሱ አንድ ጠብታ፣ ከበሽተኛው ደም አንድ ጠብታ መስታወት ላይ ይቀላቀሉና ድብልቁ ከጓጎለ ታይፎይድ አለ ይባላል። ፈሳሹ ፍሪጅ ውስጥ መቀመጥ ይገባዋል፤ ይኸኛው ግን ከካምፓላ ድረስ በጭነት መኪና፣ ከቲማቲም ጋር፣ ፀሐይ እየቀቀለው ነው የመጣው። ምንያህል እንደተማረው መጀመሪያ ጠርሙሱን ራሱን ፈተሸ። ከጀሪካን ንጹሕ ውሃ ጠብ አደረገበት። ጓጎለ። ውሃውም ታይፎይድ አለበት ማለት ነው። መስታወቱን ትንሽ ሲያየው ቆየና ጠርገው፤ ከዚያ በሩን ከፍቶ «ቀጣይ!» አለ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ዶሮው ሰልችቶት ነው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የመጣው ሁሉ ታይፎይድ እየተባለ፣ ሲፕሮ የሚባለውን ክኒን በፌስታል ይዞ መሄድ ጀመረ። አብዛኛው ወባ የያዘው፣ ማታ የጠጣው ያልለቀቀው ወይም የጁባ ሙቀት ያናወዘው ሰው ነበር። በማይክሮስኮፕ የሚያየውን ወባ ግን አንድም ቀን አልዋሸበትም። የነበረችውን ሕሊና ጠቅልሎ እዚያ ላይ አስቀመጣት፤ ለኑሮም በቃችው።

ነገሩ በዚህ ቢቀጥል ማንም ባልተጎዳ ነበር ብሎ ያስብ ነበር፤ ሆኖም ፖለቲካው መጣ። ደቡቡ ከሰሜኑ ሱዳን ለመገንጠል ድምፅ የሚሰጥበት ሪፈረንደም ተቃርቦ ጁባ በባንዲራና በስብሰባ ስትጥለቀለቅ አንድ ትልቅ ሰው ማይክሮፎን ጨብጠው፣ ይህ ታይፎይድ ዝም ብሎ የመጣ እንዳይመስላችሁ፤ ካርቱም ያሉ ጠላቶቻችን ናይል ውስጥ ጨምረውብን ነው ብለው ተናገሩ። ጭብጨባው ለጉድ ነበር። ናይል የሚፈሰው ከጁባ ወደ ካርቱም እንጂ ከካርቱም ወደ ጁባ እንዳልሆነ እዚያ የነበረ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ግማሹ ወንዙ ዳር ያደገ ነው። የጠየቀ ግን የለም።

ታይፎይድ ክብር ሆነ። ወጣቶቹ የምርመራ ወረቀታቸውን ኪሳቸው ውስጥ ይዘው የኔነሽ ሻይ ቤት እየተቀመጡ ወረቀቱ ላይ በተጻፈው ቁጥር ይወዳደሩ ጀመር። ደሙ ብዙ እጥፍ ቀጥኖም ከጓጎለ ቁጥሩ ይበልጣል፤ ቁጥሩ የበለጠ ሰው ለአገሩ የበለጠ ተጎድቷል።

«የእኔ ሦስት መቶ ሃያ ነው!»

«የአንተስ? ሰማንያ? የሰሜን ሰው ነህ እንዴ?»

ሰማንያ የደረሰው አንድ ወታደር አፍሮ ተመልሶ መጣና ቁጥሩ ከፍ እንዲልለት ጠየቀ። ክላሽ ይዟል። ምንያህል ከፍ አደረገለት።

በዚህ መሀል ኢስሃቅ ብቅ አለ። ኢስሃቅ የከተማው ጤና ቢሮ ሠራተኛ ነው፤ ጋምቤላና አዲስ አበባ ስላደገ አማርኛው ከአረብኛው ይሻላል።

«ሰላም ዶክተር! ኬፍ፣ እንዴት ነህ? ሪፖርት ልወስድ ነው። ስንት ሰው ላይ ተገኘ?»

«ሁሉም ላይ።»

«በጣም ጥሩ» አለ ኢስሃቅ፤ የኔነሽ ሻይ ጋበዘችውና ጠጥቶ ሄደ።

ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ኢስሃቅ ተመልሶ መጣ። አሁን ፊቱ ላይ የድል ደስታ አለ። የምርጫ ታዛቢዎች ከውጭ እየገቡ ነው፤ ሆቴሎቹ በእንግዳ ሞልተዋል፤ ትልቁ ሰውዬም በሬዲዮ ቀርበው በታይፎይድ ላይ የተገኘውን ድል አብስረዋል።

«ታይፎይድ ማፊ!» አለ። ማፊ በጁባ አረብኛ የለም ማለት ነው፤ ስኳርም ሲያልቅ ማፊ፣ መብራትም ሲጠፋ ማፊ ነው።

«መቼ ነው የጠፋው?» አለ ምንያህል።

«ትናንት።»

«ዛሬ ጠዋት እኮ በርከት ያለ ሰው ላይ አገኘሁ።»

ኢስሃቅ በሐዘኔታ ዓይን አየው። «ዶክተር፣ ወንድሜ፣ ተረዳኝ እንጂ። ከእንግዲህ የሚያገኝ ሰው ሪፈረንደሙ እንዲበላሽ የሚፈልግ ሰው ነው። አንተ ደግሞ የውጭ ዜጋ ነህ።»

ምንያህል ተረዳ። ጠርሙሱ ያው ጠርሙስ ነው፤ መጓጎሉም ያው መጓጎል፤ ወረቀቱ ላይ ብቻ «የለም» ማለት ጀመረ። የሚገርመው፣ ድሮ «የለብህም» ሲባል ይቆጣ የነበረው ሰው አሁን ወረቀቱን ስሞ ይወጣል። በሦስት መቶ ሃያ ሲኩራራ የነበረው ጎረምሳ «ታይፎይድ ማፊ» የተጻፈበት ቲሸርት ለብሶ «የለም» የሚለውን ወረቀቱን ያሳያል። ሲፕሮው መደርደሪያ ላይ አቧራ ጠጣ።

ያኔ ነው የኔነሽ የታመመችው።

ራሷን ይከፍላታል፤ ትኩሳቱ ጠዋት ረገብ ብሎ ከሰዓት በኋላ ይብስባታል፤ ሆዷንም ያማታል። ምንያህል ደሟን በማይክሮስኮፕ አየ፤ ወባ የለም። ተጠራጥሮ ደግሞ አየ፤ የለም። ለማንኛውም ብሎ የወባ መድኃኒት ጀመረላት። ልቡ ስላላረፈ ከዚያ ጠርሙስም አንድ ጠብታ ሞከረ። ጓጎለ። ይጓጉላላ! ምን ሲሆን አይጓጉልም? በራሱ ተናዶ መስታወቱን ጠረገው።

«ያንን ለሰው ሁሉ ስትሰጠው የነበረውን ክኒን ለእኔ ለምን አትሰጠኝም?» አለችው ከአልጋዋ።

«እሱ ለደንበኛ ነው።»

«እኔስ?»

«አንቺ ሚስቴ ነሽ!» አላት፤ ያለውም ከልቡ፣ በፍቅር ነው። የውሸት በሽታ መድኃኒት እንዴት አድርጎ ለገዛ ሚስቱ ይስጥ? ታይፎይድን በውሸት ሲሸጥ ከመክረሙ የተነሳ ሰው የሚገድል እውነተኛ በሽታ መሆኑን ረስቶት ነበር።

ሁለተኛው ሳምንት ገባ። ሻይ ቤቱ ተዘጋ። የኔነሽ መቀለድ አቆመች፤ እሱን ከትኩሳቱ ይበልጥ ያስፈራው ይኼ ነው። ሾርባ ሲያቀርብላት ጨው በዛ አላለችም፤ ሸሚዙን ገልብጦ ለብሶ ሲገባ አይታ ዝም አለች። ደሟን በትንሽ ብልቃጥ ይዞ፣ ቦዳ ቦዳ ሞተር ላይ ተፈናጥጦ ካስተም፣ ዳምጠው ጋ ሄደ።

ዳምጠው ብልቃጡን ሲያይ ሳቅ አለና እስክሪብቶውን አነሳ። «ምን ልጻፍልህ?»

«ጻፍልኝ አላልኩህም፤ እይልኝ።»

«ማን ነው ሰውየው? ለቪዛ የጤና ወረቀት ፈላጊ ነው?»

«የኔነሽ ናት።»

ዳምጠው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ብልቃጡን እንኳ አልነካውም። «ጠርሙሱን እኮ ከአንድ ነጋዴ ነው የምንገዛው» አለ ቀስ ብሎ። «እኔ ባለፈው ልጄ ሲያመው አዲስ አበባ ነው የላክሁት። ኮሎሎ መንገድ ላይ የእርዳታ ድርጅት ክሊኒክ አለ፤ ደሙን አስቀምጠው ጀርሙን አብቅለው ነው የሚያዩት። አሁኑኑ ውሰዳት፤ በናትህ አትቀመጥ።»

ክሊኒኩ ውስጥ የተቀበለቻቸው ኬንያዊት ሐኪም ነበረች። የየኔነሽን ሆድ ዳብሳ ፊቷ ተለወጠ። ደም አስቀድታ፣ ውጤት ሳትጠብቅ በመርፌ የሚሰጥ መድኃኒት አስጀመረቻት። ከዚያ ወደ ምንያህል ዞራ በእንግሊዝኛ ጠየቀችው።

«ባለሙያ ነዎት አሉኝ። ወባ አይተዋል?»

«ሁለቴ። የለባትም።»

«ታይፎይድስ?»

«አለ ይላል፤ ግን እኔ ጋ...» አቋረጠ።

«እርስዎ ጋ ከሚመጣው ሰው ስንቱ ላይ ነው አለ የሚለው?»

ምንያህል ሊዋሽ አሰበ። የኔነሽን አየና ተወው። «ከሬዲዮው በፊት ነው ከሬዲዮው በኋላ?»

«አልገባኝም።»

«ከሬዲዮው በፊት ሁሉም ላይ። ከሬዲዮው በኋላ ማንም ላይ።»

ሐኪሟ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን አሸችና መልሳ አደረገችው።

የኔነሽ አንጀቷ ደምቶ ነበር። ለቀናት ሞትና ሕይወት ሲጓተቱባት ምንያህል ከአልጋዋ አጠገብ ከላስቲክ ወንበር ላይ አልተነሳም፤ ሲጸልይም ቃል እየጠፋው ስሟን ብቻ ይደጋግም ነበር። በመጨረሻ ትኩሳቱ ወረደ። ሐኪሟ ወረቀት ይዛ መጣች።

«ጀርሙ በቅሏል። ታይፎይድ ነው። ከአደጋ ወጥታለች» አለች። ቀጥላ ወረቀቱን እያጠፈች፣ «የእርስዎ ምርመራ ልክ ነበር ማለት ነው። ያኔውኑ ለምን መድኃኒት አልጀመሩላትም?»

«ውጤቱን አላመንኩትማ።»

«ለሌሎቹስ ሰዎች መድኃኒት ሰጥተዋል?»

«ሰጥቻለሁ።»

ሐኪሟ የታጠፈውን ወረቀት እጁ ላይ አስቀምጣ ወደሌላው አልጋ አለፈች። ምንያህል መሬቱ ቢውጠው በወደደ ነበር። የኔነሽ ዓይኗን ጨፍና ስለነበር የተኛች መስሎታል፤ እንግሊዝኛዋ ደግሞ የሻይ ቤት እንግሊዝኛ ናት። ለዚህ ግን በቅታለች።

«ምንያህል» አለችው፤ ድምፅዋ ከከንፈሯ አያልፍም።

«አቤት የኔ እናት።»

«ምነው እኔንም እንደ ደንበኛ ባየኸኝ።»

እንደ ልማዷ የቀለደች መስሎት፣ እሷ ስትስቅ አብሮ ሊስቅ ጠበቃት። አልሳቀችም።