ሁለቱ ዙቤዳዎች

ሰሚያ ሮቤ ላይ ፕሮግራሚንግ መማር ከጀመረች ገና ሁለተኛ ወሯ ነበር። ኮምፒውተሩን አንድ ነገር አዝዛው እሺ ባላት ቁጥር ደስታዋን የምታደርግበት ታጣለች። በዚያው ሰሞን ጎባ ላይ የዓይን ሞራ በነፃ ሊገፈፍ ነው ተባለ። ሕመምተኞቹን ከጎሮ አካባቢ የሚያሰባስበው ጎረቤቷ ዲኖ ነበር። በእጅ የተጻፈ መዝገብ ይዞ ሲጨናነቅ አየችውና፣ «አምጣው፣ እኔ ፓይተን በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ እሠራልሃለሁ» አለችው።

እያንዳንዱን ስም ከስልክ ቁጥሩ ጋር እያጣመረች ዲክሽነሪ በሚባለው ማኅደር ውስጥ ከተተች። ስትጨርስ «ሌን» በሚለው የመቁጠሪያ ትእዛዝ ብዛቱን ጠየቀች። አርባ ስድስት አላት።

«መዝገቡ ላይኮ አርባ ሰባት ነው» አለ ዲኖ።

«ጸሐፊው ተራ ቁጥር ዘሎ ይሆናላ። ማሽን ቆጠራ ይሳሳታል እንዴ?»

ዲኖ አመናት። እሷን ግን አንድ ነገር ከነከናት። መዝገቡን በጣቷ ተከትላ ብትቆጥረው አምስት ደቂቃ አይፈጅባትም ነበር። በዲኖ ፊት እንደ ሕፃን በጣት መቁጠሩ አሳፈራትና ተወችው። ዲኖ በእሷ ዝርዝር ደውሎ ሰዎቹን ጠራ፣ መኪኖቹ ወደ ጎባ ወሰዷቸው፣ ሐኪሞቹም በሦስት ቀን ሥራቸውን ጨርሰው ሄዱ።

በሳምንቱ አስተማሪዋ ገላኔ ስለዚሁ ስለ ብዛት አስረዳች። «ሊስት የሚባለው ማኅደር የገባውን ሁሉ ይቆጥራል፣ ቢደገምም። ዲክሽነሪ ግን ያው ስም ዳግመኛ ሲመጣ የፊተኛውን ቁጥር አጥፍቶ የኋለኛውን ይተካል። ሌን የሚነግራችሁ የቀረውን ብቻ ነው።»

ሰሚያ የመዝገቡ አርባ ሰባት ትዝ አላት። ቤት ገብታ መዝገቡን ገለጠች። አሥራ ሁለተኛው ተራ ላይ ዙቤዳ ሁሴን፣ ሠላሳ ዘጠነኛው ላይም ዙቤዳ ሁሴን። ስልካቸው ይለያያል፣ ቀበሌያቸው ይለያያል።

ቅዳሜ ጎሮ ወርዳ እየጠየቀች አሥራ ሁለተኛዋን ዙቤዳ አገኘቻቸው። አገሬው በክብር «አዮ» የሚላቸው እኚህ አሮጊት በር ላይ ተቀምጠው ምስር በእጃቸው እየዳበሱ ይለቅማሉ።

«ስልክ አልተደወለልኝም» አሉ። «ቀኑን ከሰው ሰምቼ መንገድ ወጣሁ። ዝርዝር የያዘው የመኪናው ልጅ ‹ዙቤዳ ሁሴን ተሳፍራለች› አለኝ። እኔ ነኝ ብልስ ማን ይስማኝ? ምን ይደረግ፣ አላህ አልፈቀደውም።»

ሰሚያ አጠገባቸው ተቀመጠች። ነገሩ በአላህ ላይ እንደተላከከ ቢቀር ማንም አያውቅባትም ነበር።

«አዮ፣ የአላህ አይደለም። ዝርዝሩን የሠራሁት እኔ ነኝ። ቁጥሩ እንደጎደለ እያወቅሁ ዝም አልኩ።»

አሮጊቷ ምስሩን ተዉት። «ሁለት ዙቤዳ ሁሴን እንዳለን ገበያው ሁሉ ያውቃል» አሉ። «አንድ ሰው ጠይቀሽ ቢሆን ምን ነበረበት?»

አልረገሟትም፣ አልመረቋትም። ያ ደግሞ ባሰባት።

ለዲኖም ነገረችው። «እኔም አርባ ሰባት መሆኑን አይቼ ነበር» አለ።

ሐኪሞቹ የተመለሱት በስድስተኛው ወር ነው። ሰሚያ ራሷ ጎሮ ሄዳ አዮ ዙቤዳን በእጃቸው ይዛ ጎባ አደረሰቻቸው። ቀኝ ዓይናቸው ተሠርቶ በራ። የግራውን ሐኪሙ አይቶ ራሱን ነቀነቀ። ሞራው ቆይቶ በዓይናቸው ውስጥ ግፊት ፈጥሯል፣ ነርቩ ሞቷል። «ያን ጊዜ መጥተው ቢሆን ኖሮ…» ብሎ አልጨረሰውም።

በመልሱ ሚኒባስ ውስጥ አዮ ዙቤዳ መስኮት ዳር ተቀምጠው ስንዴውን፣ አህዮቹን፣ የቆርቆሮውን ጣሪያ እየጠሩ ሳቁ። ሰሚያ በግራቸው፣ በማያየው ዓይናቸው በኩል ነበረች። አንድ ጊዜ ፊታቸውን ከመስኮቱ ሳይመልሱ፣ «እዚህ ነሽ?» ሲሉ ሰማች።

«አለሁ አዮ» አለች፣ ፊቷን ወደ ጉልበቷ አቀርቅራ።