የሐጂ ጀማሉ ሁለት ከረጢት ደም

ዶክተር ሙዳሲር ፍሪጁን ከፈተ፣ ዘጋ፣ እንደገና ከፈተ። ባዶ! የሐጂ ጀማሉ ስም የተጻፈባቸው ሁለት ከረጢት ደም ትናንት እዚሁ ነበሩ። "ያ ረብ!" አለና ግድግዳውን ተደገፈ። ሰውየው እኮ ከአንድ ሰዓት በኋላ ኦፕራሲዮን ሊገቡ ነው!

ሙዳሲር የገዳሪፍ ልጅ ነው። ሃያ ዓመት ካርቱም ውስጥ፣ ከልብ ወጥቶ ወደ ሆድ የሚወርደው ትልቁ የደም ሥር ሲጠገን ሕመምተኛ እያስተኛ የኖረ የማደንዘዣ ሐኪም ነው። ጥናቱም ሁሉ ጠብታ ደም በከንቱ እንዳትፈስ ነበር፤ ሕመምተኛው አስቀድሞ ከራሱ ይቀዳል፣ በኦፕራሲዮኑ ጊዜ ለራሱ ይመለስለታል። ጦርነቱ አባሮ ወደ ትውልድ ከተማው ሲመልሰው ከዚህ ዕውቀት በቀር ይዞት የመጣው ነገር የለም።

የገላባቱ ባለሱቅ ሐጂ ጀማሉ ያ የደም ሥር አብጦባቸው ሊፈነዳ ደርሷል። ይህን ከእሳቸው በቀር የማያውቅ የለም! ሚስታቸው ባሕሪያ "በአላህ ይዤሃለሁ፣ እንዳትነግራቸው፤ በድንጋጤ ይሞቱብኛል" ብላ ለምናዋለች። መቼም በእኛ ዘንድ ክፉ ወሬ ለዘመድ እንጂ ለበሽተኛ አይነገርም። ትንሽ እብጠት ናት ተባሉ።

"ሀዲያ! ደሙ የት ገባ?"

ነርሷ ሀዲያ ዓይኗን ሰበረች። "ንጋት ላይ ከባሱንዳ የሰሊጥ አጫጅ አመጡ፤ ሐመልማል የምትባል ጎንደሬ። ወልዳ ደሟ አልቆም አለ። የሚስማማት ደም ከየትም ጠፋ። ሐጂ ሰሙና የእኔን ስጧት አሉ። መረመርነው፣ ተስማማ። ፈርመዋል እኮ!"

ሙዳሲር ወደ ሐጂ ክፍል ሮጠ። "ሐጂ፣ ምን ጉድ ሠሩ?"

"ምን ሠራሁ? 'የሐጂ ጀማሉ' ብላችሁ ጽፋችሁበታል፤ የራሴን ነው የሰጠሁ። ደም ይተካል ያልኸኝ አንተው አይደለህ? በሁለት ሳምንት ደግማችሁ ትቀዳላችሁ። ፊትህ ለምን አመድ መሰለ፣ ልጄ?"

ሙዳሲር ባሕሪያን አያት። የተከናነበችውን ቶብ ጫፍ ነክሳ ቆማለች። ከዚህ በላይ መደበቅ አልቻለም።

"ሁለት ሳምንት የለንም፣ ሐጂ። እብጠቱ ዛሬም ነገም ሊፈነዳ ይችላል። ዋሽተንዎት ነው።"

ሐጂ ወደ ሚስታቸው ዞሩ። "አንቺም ታውቂ ነበር?" አሉ። ባሕሪያ ፊቷን ሸፈነች።

"እንገባለን" አለ ሙዳሲር። "የሚፈሰውን ደም እየሰበሰብሁ፣ እያጠለልሁ እመልስልዎታለሁ። ግን ይበቃል ብዬ ቃል አልገባም።"

ከወዲያኛው ክፍል የሐመልማል አራስ ልጅ አለቀሰ። ሐጂ አንገታቸውን ቀና አድርገው አዳመጡ።

"ባውቅ ኖሮ አልሰጣትም ነበር" አሉ። "ወላሂ፣ አልሰጣትም።"

ልጁ የእናቱን ጡት አገኘ መሰል ዝም አለ።

"እንኳን ዋሻችሁኝ።"