ከአራተኛ ፎቅ የወረደው ገመድ

ሀኒፋ ባሏን «ኢንጂነር» እያሉ ሲጠሩት ደሟ ይፈላ ነበር። ለቡ መብራት ኃይል ባለው ኮንዶሚኒየማቸው ውስጥ ጀማሉዲንን እንዲህ እያለ የሚያሞካሸው ሰው ሁሉ በእሷ ድርሻ ውሃ በርሜሉን የሞላ ነው። ያንን ውሃ አሳልፎ የሰጠው ደግሞ ራሱ ኢንጂነሩ ነው።

ጀማሉዲን ቀን ቀን መካኒሳ አቦ አካባቢ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ መዝገብ ቤት ይሠራል። ከሥራ መልስ ግን ልቡ ያለው ከምናለሽ ተራ እየለቃቀመ ያመጣቸው አሮጌ ኮምፒውተሮች ጋ ነው። ማዘርቦርዱ አልጋ ሥር፣ ፋኑ ቁምሳጥን ላይ፣ ኪቦርዱ ከሽንኩርቱ ጋር። ካውያውን አግሎ ሽቦ ማጣበቅ ከጀመረ ቤት ቢቃጠል አይሰማም። ሀኒፋ ይህን ሁሉ ችላ ኖራለች። ሱስ ካልቀረ ከሌላው ይኼ ይሻላል ትል ነበር።

ውሃ ወደ ሰፈሩ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ተራው በደረሰ ቀን ጎህ ሳይቀድ ይለቀቃል፤ መቼ እንደሚለቀቅ በትክክል የሚያውቅ ግን የለም። ሀኒፋ ለሱብሂ ሶላት ስለምትነሳ ቧንቧው ሲያጉረመርም የምትሰማው እሷ ነበረች። ሕንፃው ተኝቶ፣ ግፊቱም ሳይደክም፣ በርሜሏንና ጀሪካኖቿን ትሞላለች፤ ከዚያ የጎን ጎረቤቷን ውዳሴን አንኳኩታ ትቀሰቅሳለች። ምድር ቤት ያሉት ትልልቅ ሮቶና ፓምፕ ስላላቸው አርፍደው ቢነሱም አይቀርባቸውም። በዚህ መንገድ ሁሉም እንደ አቅሙ ሲደርሰው ኖሯል።

ጀማሉዲን ግን ይህን ሊያሻሽል ተነሳ። ከመስኮታቸው እስከ ምድር ረጅም ገመድ አወረደና ጫፉ ላይ ያለውን የአሮጌ ሄድፎን ማይክ ከሕንፃው ዋና ቧንቧ ጋር በጎማ ቁራጭ ጥፍር አድርጎ አሰረው። የገመዱ ላይኛው ጫፍ የማር ፕላስቲክ ውስጥ ካስቀመጣት ትንሽ ኮምፒውተር ጋር ተያያዘ። ቧንቧው ማጉረምረም ሲጀምር ማይኩ ይሰማል፤ ኮምፒውተሯም ወዲያው ለሕንፃው የቴሌግራም ግሩፕ «ውሃ መጣ» ብላ ትጽፋለች።

በመጀመሪያው ቀን ስልኩ ሁሉ ጮኸ፣ ሰው ሁሉ ነቃ። ምድር ቤት ያሉት ፓምፖች አንድ ላይ ተነሱ፤ የኮሚቴው ሊቀመንበር የአቶ ማሞ ፓምፕ ድምፅማ አራተኛ ፎቅ ድረስ ይሰማ ነበር። ግሩፑ በአበባና በጭብጨባ ተጥለቀለቀ። አቶ ማሞ ሮቷቸውን እየሞሉ ረጅም የምስጋና ድምፅ ላኩ። ከሀኒፋ ቧንቧ የወጣው አየር ብቻ ነበር።

ለባሏ ነገረችው። እሱ ግን ሁሉም ሰው በእኩል ሰዓት እንዲያውቅ ማድረጉን፣ ፍትህ ማለትም ይኸው መሆኑን አስረዳት። ሀኒፋ ፓምፕ ያለውንና ባልዲ ያለውን እኩል ጠርቶ ፍትህ ማለት ምን ዓይነት ፍትህ እንደሆነ ጠየቀችው። አየዋለሁ ብሎ ወደ ሠራው ነገር ተመለሰ፤ ስክሪን ሊገጥምለት ነበር። ከዚያ ወዲህ በየፈረቃው አየር ትቀዳለች። ማዶ ካለው ግንባታ ዘበኛውን እየለመነች ውሃ በጀሪካን ታመጣለች፣ በየፎቁ እያረፈች ትወጣለች፤ ከላይ ስትደርስ ባሏ ስለ ስክሪኑ ያወራታል። ጀሪካኑን ጭንቅላቱ ላይ ብትደፋበት ደስ ይላት ነበር። ያላደረገችው ለውሃው ሳስታ ነው።

የጀማሉዲን አባት አባባ ኑረዲን አብረዋቸው ይኖራሉ። ስትሮክ መቷቸው ግማሽ ጎናቸው ከከዳቸው ጀምሮ የምታጥባቸውም፣ ደግፋ ሽንት ቤት የምትወስዳቸውም ሀኒፋ ናት። አንድ ቀን ጠዋት ከአልጋቸው አጠገብ መስኮቱ ላይ ያለችውን በሶብላ ለማየት ስትጠጋ ጣሳዋ ውስጥ ያለው አፈር ላይ የሻይ ቅጠል አየች። ቅጠሉ የአንድ ቀን አልነበረም። ዞራ አባባን ስታያቸው ዓይናቸውን አሸሹ።

«አባባ፣ ሻዩን እዚህ ነው የሚደፉት?»

«ካልጠጣሁ ሽንት ቤት አልሄድም፤ ካልሄድኩ ውሃ አላስደፋሽም» አሉ ቀስ ብለው። «ደረጃውን ስትወጪ ትንፋሽሽ ይሰማኛል እኮ፣ ልጄ።»

ሀኒፋ ኩሽና ገባች። ቢላዋ አንስታ ወረደች።

አቶ ማሞ በጎማ ውሃ እየረጩ መኪናቸውን ያጥባሉ። አረፋው በእግሯ ሥር አልፎ ወደ ቦዩ ይወርዳል። ባለቤቷ የሰፈሩ ኩራት እንደሆነ ነገሯት። ዋናው ቧንቧ ጋ ሄዳ ማይኩ የታሰረበትን የጎማ ቁራጭ በቢላዋ በጠሰችው። ምን እያደረገች እንደሆነ ቢጠይቋትም ሳትመልስላቸው ደረጃውን ወጣች። ከዚያ መስኮቱ ላይ ቆማ ከጉድጓድ ውሃ እንደሚቀዳ ሰው ገመዱን በሁለት እጇ ሳበችው። ማይኩ ከግድግዳው ጋር እየተጋጨ ወጣላት።

ማታ ጀማሉዲን ሲገባ ገመዱን ኪቦርዱ ላይ ተጠቅልሎ አገኘው። ፊቱ ተለዋወጠ።

«ምን ማድረግሽ ነው? ሰው እኮ እኔን አምኖ ነው የሚተኛው።»

«አባትህስ ማንን አምነው ይጠጡ?»

አልገባውም። በሶብላውን አንስታ እጁ ላይ አስቀመጠችለትና አባቱን እንዲጠይቃቸው ነገረችው። ወደ አባቱ ክፍል ገብቶ ብዙ ቆየ። ሲወጣ ዓይኑ ቀልቷል፣ ቀና ብሎም አላያትም። ማይኩን አንስቶ ኩሽና ገባና ከራሳቸው ቧንቧ ጋር አሰረው። ግሩፑ ላይም ከዛሬ ጀምሮ መልዕክቱ የሚመጣው ውሃው አራተኛ ፎቅ ሲደርስ እንደሆነ ጻፈ። በዚህ ቀን አበባ የላከለት ሰው የለም።

ቀጣዩ ፈረቃ እሁድ ዋለ። አቶ ማሞ ተንኮሉ ገብቷቸው ሳይተኙ አድረው ጎህ ሳይቀድ ፓምፓቸውን አስነሱ። መልዕክት አልመጣም። መልዕክቱን ተማምነው የተኙት የሁለተኛና የሦስተኛ ፎቅ ሰዎች ረፈድ ሲል ፓምፑ አሁንም ሲጮኽ ሰምተው ደረቅ ባልዲ ይዘው የአቶ ማሞ በር ላይ ተሰበሰቡ። አቶ ማሞ ማምለጫ ሲያጡ ደረጃውን እያለከለኩ ወጡ፤ ሰዎቹም ተከተሏቸው። ሊቀመንበር ከሆኑ ወዲህ አራተኛ ፎቅ ሲረግጡ ሀኒፋ አይታ አታውቅም።

«መልዕክት የሚልከው ሳጥን ተበላሽቷል መሰለኝ» አሉ። «ኢንጂነሩ ያስተካክለው።»

ጀማሉዲን ከኋላዋ አፉን ሊከፍት ሲል ቀደመችው።

«ሳጥኑ ደህና ነው፣ ጋሽ ማሞ። ውሃው እዚህ ሲደርስ ይናገራል፤ አልደረሰም። ፓምፕዎን ያጥፉና ይሰሙታል።»

አቶ ማሞ ደረጃው ላይ ወደ ቆሙት ሰዎች ዞሩ። አንድም ሰው አላገዛቸውም። ከሁሉም የቀረባቸው ሰው መንገድ ለቀቀላቸውና ወረዱ። ትንሽ ቆይቶ የፓምፑ ጩኸት ቆመ። የሀኒፋ ቧንቧ አየር ተፋ፣ ቀጥሎ ክር የመሰለ ውሃ አወረደ፣ ከዚያ ሞልቶ ፈሰሰ። ደረጃው ላይ በቆሙት ሰዎች ኪስ ውስጥ ያሉት ስልኮች ሁሉ ጮኹ።

ከውስጥ አባባ ኑረዲን ሻይ እንዳለ ጠየቁ። ሀኒፋ ማንቆርቆሪያውን ቧንቧው ሥር ደቀነች። ንዴቷ ገና አልወጣላትም ነበር። አንድ ሽማግሌ ጥማቱን ደብቆ የሚኖርበት ቤት ውስጥ ስክሪን ሲገጥም የከረመውን ሰው ዛሬም ልታንቀው ትችል ነበር። ሻዩ ሲፈላ ቀድታ ብርጭቆውን ለጀማሉዲን ሰጠችው። አባባ ሁለት ብርጭቆ ጠጡ፣ ሦስተኛም ደገሙ። ከዚያ ሀኒፋን ሲጠሩ እሷ ከጀሪካኖቿ አልተነሳችም። ሽንት ቤት ደግፎ የወሰዳቸው ልጃቸው ነው።