የፕሮፌሰር ሜንግ የአበባ ማማ

እዚህ ኮሪያ፣ ዴጉ ከተማ ገበያ ጀርባ ደረቅ ዓሣ ስሸጥበት የኖርኩትን ቤት ልጄ ዩሶን ነጭ ቀብታ የሥዕል ማሳያ አደረገችው። ዓሣዬ ይሸት ነበር፤ ሽታውን ደብቄ ግን አላውቅም። አሁን የሚገቡት ሽቶ ተቀብተው ይዋሻሉ።

ዘንድሮ የቼሪው ዛፍ ሲያብብ ትርኢቷን የከፈተችው የአንድ የባንክ ሥራ አስኪያጅ ሚስት ናት። አበባ ሣልኩ ትላለች፤ እኔ ያየሁት ጎመን ነው። ዝናቡ ሲገባ አንድ ጎረምሳ ባዶ ክፍል መሐል ወንበር አቁሞ «ዝምታ» ብሎ ሰየመው። እግሬን አሞኝ ተቀመጥኩበት።

«እማማ፣ ይነሡልኝ፣ ሥራዬ ነው» አለኝ።

«እንግዲያው ሥራህ ያነክሳል። አንዱ እግሩ አጭር ነው።»

ትርኢት ለሚከፍት ሁሉ ወዳጅ ዘመዱ ከሰው ቁመት የሚበልጥ የአበባ ማማ ይልካል፤ በጥብጣቡ ላይ የላኪው ስምና ሹመት ይጻፋል። እንግዳው ከአበባው ጋር ፎቶ ይነሣል፣ የሩዝ ኬኩን ይውጣል፣ ለሥዕሉ ጀርባውን ሰጥቶ ይሄዳል።

ዩሶን ራሷ ሠዓሊ ናት። የሌላውን ስትሰቅል የራሷን መስቀል ከተወች ቆየች። ዘንድሮ ግን ከውርጩ በፊት ያለችውን የመጨረሻዋን ሳምንት ለራሷ አስቀረች። ከእሷ በፊት ተራው የፕሮፌሰር ሜንግ ነበር። ይህ ሰው ዕድሜውን ሙሉ አንድ ተራራ ይሥላል፤ ተማሪዎቹም ዕድሜያቸውን ሙሉ ያጨበጭባሉ።

በመዝጊያው ቀን ልጄን ጠራት።

«ዩሶን፣ አንድ ሳምንት ጨምሪልኝ። የምክር ቤቱ ሰውዬ ዛሬ አበባ ይልካሉ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ራሳቸው ይመጣሉ።»

«ሳምንቱ የእኔ ነበር፣ ፕሮፌሰር።»

«ያንቺማ የት ይሄዳል? አንቺ የቤት ልጅ።»

«እሺ» ልትል ነው ብዬ ጥርሴን ነከስኩ። ይህች ልጅ «እሺ» ስትል ነው ፀጉሯ የሸበተው።

«ተራራህ ይኼን ሁሉ ዘመን መቆም አልሰለቸውም?» አልኩት።

«እማማ ደግሞ ቀልድ ያውቃሉ» ብሎ ፊቱን መለሰ።

በዚህ መሐል ሁለት ሰዎች የተባለውን አበባ ተሸክመው መጥተው በራፉ ላይ አቆሙት። ሦስት ደርብ ነጭ ክሪሳንተመም፣ የአገራችን የለቅሶ አበባ፣ ጥቁር ጥብጣብ፣ «በሐዘንዎ ተካፋይ ነን» የሚል ጽሑፍ። የምክር ቤቱ ሰውዬ በአንድ ቀን ለለቅሶም ለሥዕልም አዝዘዋል፤ አበባ ሻጩ አቀያይሮታል። የእኛ ሰው ደግሞ ነጭ ክሪሳንተመም ካየ አይጠይቅም። አንድ ሽማግሌ ባርኔጣውን አውልቆ ገባ፤ ትልቁ ተራራ ፊት ለሙት እንደሚሰገደው ሁለት ጊዜ ሰገደ። ከዚያ ወደ ልጄ ጠጋ አለ።

«መቼ አረፉ?»

«ማን?»

«ፕሮፌሰሩ።»

ፕሮፌሰሩ የሩዝ ኬክ በእጁ እንደያዘ አጠገባቸው ቆሟል። ተማሪዎቹ አቀርቅረው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። በሐዘን አልነበረም።

«አንሡልኝ ይኼን» አለ አበባውን ያመጡትን ሰዎች።

«መኪናው ሄዷል፤ ነገ እንወስደዋለን» አሉት።

ሌላ ሰው ቢሆን አፍሮ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር። እሱ ግን ኬኩን አላምጦ ሲጨርስ ወደ ዩሶን ዞረ። «በዚህ ውርደት መዝጋት አልችልም። ሁለት ሳምንት ያስፈልገኛል። ሰው ይርሳው።»

ልጄ አበባውን አየችው፤ እሱንም አየችው።

«አይሆንም፣ ፕሮፌሰር» አለች። «ቀብሩ ዛሬ ነው። ነገ ጠዋት ተራሮቹን ያውርዱ።»

«ዩሶን፣ እኔ ነኝ እኮ» አለ።

«አውቃለሁ። መሰላሉን አውስዎታለሁ።»

በማግሥቱ ተማሪዎቹ ተራሮቹን አንድ በአንድ ተሸክመው ወጡ። ምን ይከብዳቸዋል፣ ተራሮቹ እንደሆኑ ክብደት የላቸውም። ዩሶንም የራሷን ሰቀለች።

ልጄ ስለሆነች አላወድሳትም። ግማሹ ሥዕሏ ዝናብ የመታው ጭቃ ይመስላል፤ ይህንኑ ፊት ለፊት ነገርኳት።

ምስማሩን ከአፏ አወጣችና «አንቺ ደግሞ ምን ታውቂያለሽ፣ እማዬ» አለችኝ።

በሕይወቷ እንዲህ ቃል መልሳልኝ አታውቅም። መዶሻውን አቀበልኳት።