ቺንጋው የጠፋበት ዴክ

የቪዲዮ ዴኩ ሥራ ያቆመው እሁድ እንግዳ ሊመጣ በዚያው ሳምንት ነበር። ካሴቱን ሲያጎርሱት ይውጣል፣ መብራቱ ይበራል፣ ትንሽ ያጉረመርማል፣ ከዚያ ቀጥ። ቴሌቪዥኑ ላይ ምንም የለም። የሙሽሪት እናት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ስታየው ቆየችና «አንተም እንደነሱ ሆንክ?» አለችው። እነሱ የምትላቸው ባሏንና የልጇን ባል ነው።

የሙሽሪት እናት የሚለው ስም የወጣላት ልጇን በዳረች ቀን ነው። ልጅቷ ዛሬ ራሷ የልጆች እናት ሆናለች፣ ሙሽርነቷንም ረስታዋለች፤ ስሙ ግን ከእናትየዋ ላይ አልወረደም፣ እሷም እንዲወርድ አልፈለገችም። ያን ሠርግ ከአዳራሹ ኪራይ እስከ ጠረጴዛው አበባ ብቻዋን ነው ያቆመችው። ታናሽ ወንድሟ ግን ሩቅ ቦታ ተመድቦ ይሠራ ስለነበር አላየውም። ከልጅነቱ ጀምሮ «እትዬ ደግሞ ምን ታውቃለች» ሲል የኖረ ወንድም ነው። አሁን እሁድ ከነሚስቱ ሊመጣ ነው። ይየዋ! የሠርጉ ካሴት ለሌላ ለምን ተቀመጠ?

የልጇ ባል ተጠራ። «ባለሙያው» ትለዋለች፣ ለማሽሟጠጥ። እንጀራው ቀለም መሸጥ ነው፣ ነገር ግን ሰዓትም ይከፍታል፣ ምጣድም ይከፍታል፣ የሰው መኪናም ይከፍታል። የከፈተውን ሲዘጋ የታየበት ቀን የለም።

ካቻቢቴውን የሸሚዙ ኪስ ላይ ሰክቶ መጣ። መጀመሪያ ሶኬቱን ነቅሎ መልሶ ሰካው። ቀጥሎ ዴኩን በመዳፉ ጠፈጠፈው።

«አንዳንዴ መመታት ይፈልጋል» አለ።

«አንዳንድ ሰውም እንደዚያው» አለችው።

ከዚያ አፉን ካሴት ማስገቢያው ላይ ደቅኖ እፍ አለበት፤ አቧራው ተመልሶ ዐይኑ ውስጥ ገባ። ዐይኑን እያሸ «ሄዱ ቆሽሿል» ብሎ ፈረደ። ሄድ የሚሉት ምስሉን ከካሴቱ ላይ የሚያነበው ድቡልቡል ብረት ነው። በአልኮል ይጠረጋል ብሎ ወደ መኝታ ቤት ገባና ለክት ያስቀመጠችውን ሽቶ ይዞ ወጣ።

«እማማ፣ ሽቶ እኮ አልኮል ነው።»

«አንተም ሰው ነህ ይሉሃል!»

ዴኩ ሽቶ ሸተተ እንጂ አልሠራም። ባለሙያው ክዳኑን ፈትቶ፣ ሆዱን ሲጎረጉር ቆይቶ፣ እንደ ሐኪም ራሱን ነቀነቀና «ሄዱ ሞቷል» አለ። ክዳኑን መልሶ ሲገጥም ብሎኖች ተረፉት። ፋብሪካው ለመጠባበቂያ የሚጨምራቸው ትርፎች ናቸው ብሎ ኪሱ ከተታቸው። እንኳን ዘንቦበት እንዲያውም ጤዛ ነው፤ የሙሽሪት እናት ልጇን ለዚህ መዳሯን ስታስብ አንጀቷ አረረ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ባሏ ጥግ ላይ ቁጭ ብሎ ጋዜጣ ያነብ ነበር። ዕድሜውን በመጋዘን ሠራተኛነት ጨርሶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ከዚያ ሥራ የተረፈው አመል ገመድ፣ ክርና ላስቲክ አለመጣል ብቻ ነው። ዝም አይነቅዝም ይሉ የለ፣ ዝም ይላል። ደግሞ አንድ የሚያበሽቃት ነገር አለበት፤ ሊቀመጥ ሲል እጁን ወደ ኋላ ልኮ፣ በጨለማ እንደሚሄድ ሰው ወንበሩን ይዳስሳል።

«ወንበሩ የት ይሄድብሃል?» ትለዋለች ሁልጊዜ።

«ይሄዳል» ይላታል።

ካሴቱ ውስጥ ሰው ሁሉ የሚወደው ቦታ አለ። የሙሽሪት አባት ለልጁ ሁለት ቃል ሊናገር ይነሣል። «ልጄ» ይልና ሳይጨርሰው ያለቅሳል። አልቅሶ ሲያበቃ ሊቀመጥ ይላል። ወንበሩን ግን ቪዲዮ ቀራጩ መንገድ ዘጋብኝ ብሎ አስነሥቶታል። ዘፍ! አዳራሹ በሳቅ ይናጋል፣ ከሳቁ በላይ ደግሞ ካሜራው አጠገብ የአንዲት ሴት ድምፅ ጥርት ብሎ ይሰማል፦ «እንኳን መናገር መቀመጥም አያውቅ!» ድምፁ የሙሽሪት እናት ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር ባለሙያው እዚህ ቦታ ላይ ካሴቱን እየመለሰ፣ «ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው!» እያለ ሰውዬውን ያስነሣዋል፣ ይጥለዋል፣ ደግሞ ያስነሣዋል። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። ሰውዬውም ከሰው ጋር ይስቃል፣ ወይም ጥርሱን ያሳያል።

በማግስቱ የሙሽሪት እናት ዴኩን በአንሶላ ጠቅልላ ወደ ራዲዮ ጠጋኙ ሱቅ ይዛው ሄደች። ጠጋኙ ክዳኑን እንዳነሣ አፍንጫውን ያዘ።

«ሽቶ የቀባው ማነው?»

«የልጄ ባል ነው።»

«ዴኩን ሊያገባው ነው እንዴ?»

በሌላ ቀን ቢሆን ትስቅ ነበር። ጠጋኙ በመብራት ውስጡን አየና «ሄዱ ደህና ነው፣ እናቴ። ቺንጋው ነው የሌለው» አላት። ቺንጋው ሞተሩን ካሴቱን ከሚያዞረው መዘውር ጋር የሚያያይዝ ቀጭን ጥቁር ላስቲክ መሆኑን አሳያት።

«ተበጥሶ ነዋ!»

«ቢበጠስ ቁራጩ እዚሁ ይገኝ ነበር። ሰው ነው ያወጣው፤ ምንም ሳይጭር፣ ተጠንቅቆ። እሱኑ ይፈልጉና ያምጡልኝ፣ ወዲያው እገጥመዋለሁ። የዚህ ዓይነቱ አሁን ገበያ ላይ የለም።»

ሱቁ ደጃፍ ላይ ሆና ባለሙያውን ልትረግመው አፏን ከፍታ ነበር። ግን ዴኩ የቆመው እሱ ሳይነካው ነው። ደግሞ «ተጠንቅቆ» ተብሏል፤ ያ ሰው ተጠንቅቆ የሠራው ነገር በዕድሜው የለም። ታዲያ ማነው? መንገዱን ሙሉ ስታብሰለስል ቤት ደረሰች።

ባሏ ጋዜጣውን አጥፎ መነጽሩን ወደ ማኅደሩ እየመለሰ ነበር። ማኅደሩ መቆለፊያው ከተሰበረ ቆይቷል። ሰውዬው በቀጭን ጥቁር ላስቲክ ሁለት ጊዜ ጠመጠመው።

«አንተ ሰውዬ! ይሄ ምንድን ነው?»

አልደበቀውም። «ላስቲክ ነው።»

«ዴኩን አንተ ነህ የገደልከው?»

«አልገደልኩትም። ሰኞ እመልሰዋለሁ።»

«ሰኞ ማን ሊያይልኝ? ወንድሜ እሁድ ውሎ ይሄዳል!»

«አውቃለሁ» አለ። ማኅደሩን በእጁ አገላበጠው። «ጎረቤቱ አይቶኛል፣ የሥራ ጓደኞቼ አይተውኛል፣ የልጅ ልጆቼ ሳይቀሩ እየወደቁ ይጫወቱብኛል። ስወድቅ ያላየኝ የቀረ ወንድምሽ ብቻ ነው። እሱ አሁንም ስገባ ብድግ ይላል።»

የሙሽሪት እናት ስድብ ጠፍቷት አያውቅም። አሁንም አንድ ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ፤ ልትተፋው ስትል ግን ያው ካሴቱ ላይ ያለው ሆኖ አገኘችው። አፈረች። ማፈር ስለማታውቅበት ተቆጣች፤ «ጠረጴዛው ላይ ኮተት አታብዛብኝ!» ብላ ወደ ማድቤት ገባች። ጠጋኙ ቅዳሜን ሙሉ ሱቁን ከፍቶ ዋለ፣ እሷም ቅዳሜን ሙሉ ወደዚያ አልሄደችም።

እሁድ ወንድሟ መጣ። ሰውዬው ከጓዳ ሲወጣ እውነትም «ጋሼ!» ብሎ ብድግ አለ። ምሳ ተበልቶ ሲያልቅ ወደ እህቱ ዞረ።

«እትዬ፣ ያ የሠርጉ ካሴት የታለ? ስታወሪልኝ ነው የኖርሽው።»

ማኅደሩ ከነጥቁር ላስቲኩ ከባሏ ሣህን አጠገብ ነበር። የሙሽሪት እናት አየችው። አዳራሹን፣ አበባውን፣ ያን ቀን የለበሰችውን ልብስ አሰበች፤ ቆጫት፣ በጣም ቆጫት።

«ዴኩ ሞቷል» አለች።

«ሄዱ ነው፣ ብያቸው ነበር!» አለ ባለሙያው። «ግን አጎቴ፣ ምን እንዳመለጠዎት! አባባ ሊናገሩ ይነሡና...»

«አንተ!» አለችው። «እንኳን ዴክ አፍህንም መዝጋት አታውቅ!»

ጠረጴዛው በሙሉ ሳቀ። ባለሙያውም ሳቀ፣ ወይም ጥርሱን አሳየ።

«እስቲ ጋሼ፣ እርስዎ ሁለት ቃል ይበሉን» አለ ወንድሟ።

ሰውዬው ተነሣ። ከባሏ አጠገብ የተቀመጠችውን ልጁን አየ፣ «ልጄ» አለና ዋጥ አደረገው፤ ከዚያ «እንኳን ደህና መጣችሁ፣ ቤታችሁ ነው» ብሎ ጨረሰ። ሊቀመጥ ሲል እጁ እንደለመደው ወደ ኋላ ሄዶ መዳሰስ ጀመረ። የሙሽሪት እናት ሣህን ልታነሣ ከኋላው ቆማ ነበር። ሣህኖቹን መልሳ አስቀመጠችና የወንበሩን መደገፊያ በሁለት እጇ ጨበጠችው።

«ምን ትዳስሳለህ!» አለችው በቁጣ። «ተቀመጥ፣ ይዤልሃለሁ።»